በአማና የተበላው ሙክት

ሰው ህግ ለመማር ሲያመለክት ምን ያስፈልገዋል? የአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት፣ ጉርድ ፎቶ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ በቃ። እኔ ሳመለክት ግን ከዚህ ሌላ አንድ ሙክት በግ፣ አንድ ሼህ፣ አንዲት የግሸን ተሳላሚና የአንድ ሰፈር ሙሉ ሰው ሆድ አስፈልጎኛል። አታምኑኝም አይደል? እኔም በራሴ ላይ ባይደርስ ኖሮ አላምንም ነበር።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ስድስት ዓመት አረብ አገር ሰው ቤት ሰርቼ ወደ ሐይቅ ከተማ የተመለስኩ ነኝ። ዕድሜዬን አልናገርም፤ አብረውኝ የተፈተኑት ልጆች "እትዬ" ይሉኝ እንደነበር ብቻ ልጠቁም። ከአረብ አገር የተመለሰች ልጅ ምን እንደምታደርግ እኛ ጋ የታወቀ ነው። ወይ ሱቅ ትከፍታለች፣ ወይ ባጃጅ ትገዛለች፣ ወይ ታገባለች። እኔ ሦስቱንም ትቼ ማታ ማታ ተማርኩና አስራ ሁለተኛን በግል ተፈተንኩ። አለፍኩ። ማለፌን ስሰማ ከሁሉም በላይ የደነገጥኩት እኔው ነኝ፤ ውጤቱን የሌላ ሰው እንዳይሆን ብዬ አራት ጊዜ ነው ያየሁት።

ህግ ለምን? የምሰራበት ቤት እመቤት ከወንድሞቿ ጋር በውርስ ተጣልታ አንድ ቀን ልጆቿን አስይዛ ቢሮ ይዛኝ ሄደች። ወንዶቹ ጠረጴዛ እየደበደቡ ይጮሃሉ፣ እመቤቴ ታለቅሳለች፣ እኔ የሚንቀለቀለውን ሕጻን አባብላለሁ። በዚህ መሃል አንዲት መነጽር ያደረገች ቁመተ አጭር ሴት ገባች። አቃፊዋን ከፈተች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረች፣ ያ ሁሉ ጎረምሳ ጸጥ አለ። ሕጻኑ ሳይቀር ጸጥ አለ። እኔ ያን ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ላሰኘው ደክሜያለሁ! ጠበቃ ናት አሉኝ። ያኔ፣ እዚያው ቆሜ፣ ይቺን ሴት መሆን ፈለግኩ። ቁመቷን ሳይሆን ድምጿን።

እናም ለሁለት ዩኒቨርሲቲዎች አመለከትኩ። ስማቸውን እንተወውና አንዱን የቅርቡ፣ ሌላውን የሩቁ እንበላቸው። የቅርቡ እናቴ ምሳ ቋጥራ ብትልክልኝ ሳይቀዘቅዝ የሚደርስበት ነው። የሩቁ አውቶብስ ተቀይሮ፣ መንገድ ላይ ታድሮ የሚደረስበት ነው። ሁለቱም ጋ የመግቢያ ፈተና ተፈተንኩ፤ ሁለቱም "ውጤቱን በስልክ መልእክት እናሳውቃለን" አሉ። መቼ እንደሆነ አልተናገሩም። እኔም ለማንም ላልናገር ወሰንኩ። ካልተሳካ ሰው ሳይሰማ ለብቻዬ ላለቅስ ነበር ሐሳቤ።

ውሳኔዬ አንድ ቀን ቆየ። በማግስቱ ከጎረቤታችን ከእትዬ ጥሩወርቅ ጋር በአጥር ላይ ስናወራ አመለጠኝ። እትዬ ጥሩወርቅ ምስጢር አታወጣም፤ እሷ የምታወጣው ምክር ስትጠይቅ ነው። ወፍጮ ቤት ሄዳ "ህግ ለሚማር ሰው ምን ስንቅ ይሻለዋል?" ብላ ጠየቀች፤ እስከ ከሰዓት በኋላው የአስር ሰላት ድረስ ሐይቅ በሙሉ ሰማች። ከሐይቁ የሚመለሱ ሁለት አሳ አስጋሪዎች በዚያው ዕለት በር አንኳኩ። መረቡ የአንደኛው፣ ታንኳው የሌላኛው፣ የገባው አምባዛ የማን ነው ብለው ተጣልተዋል። ገና አልገባሁም ብላቸው ማን ሰምቶኝ። እያላበኝ "ግማሽ ግማሽ" አልኳቸው። ተስማሙና ጭንቅላቱን ለእኔ ትተው ሄዱ። ፍርድ ይሄን ያህል ቀላል ከሆነ ትምህርቱ ለምን እንደሚረዝም ግራ ገባኝ።

እናቴ ዘይነብም የሰማችው ከእኔ ሳይሆን ከወፍጮ ቤት ነው። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ ሻሿን አስተካክላ ሁለት እጇን ዘረጋች።

"ያ አላህ፣ ልጄን ህግ ካስገባህልኝ ሙክት አርጄ ሰፈሩን ሰብስቤ ዱዓ አስደርጋለሁ" አለች።

እስከዚህ ምንም አይደል። በወሎ ያልተሳለ እናት የለችም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ይሳላል። ሲደርስ በጉ ይገዛል፣ ይታረዳል፣ ይበላል፣ ይመረቃል። እናቴ ግን በሳምንቱ ገበያ ወጥታ በጉን ገዝታ እየጎተተች መጣች። አናቱ ቡናማ፣ ገላው ነጭ፣ ላቱ ከኋላው ሌላ በግ የሚከተለው የሚያስመስል ሙክት።

"እማ፣ መልሱ ሳይመጣ?"

"እንዴ ዲያ! ቆርጬ መነሳቴን አላህ ይይልኝ እንጂ። በጉ በር ላይ ታስሮ እየታየ 'አይሆንም' ይባላል?"

የሰፈሩ ሰው በጉን "ስለቱ" ብሎ ይጠራው ጀመር። "ስለቱ ውሃ ጠጣ?" ይላሉ መንገደኞች። "ስለቱ ዛሬም ጎመኔ ውስጥ ገባ!" ትላለች እትዬ ጥሩወርቅ። ሰው ከእኔ ይልቅ የእሱን ጤንነት ይጠይቅ ነበር፤ በመጠኑ ቅር ብሎኛል።

አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ። እኛ ቤት ኔትወርክ የሚገኘው ግቢው ጥግ ባለው የድንጋይ ካብ ላይ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ካብ ላይ መቆም ስላልቻልኩ ስልኬን ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ አድርጌ እዚያ አስቀመጥኩት። ያልጠረጠርኩት፣ ጣሳው ድምጹን አጉልቶ የደብር ደወል አደረገው። መልእክት በገባ ቁጥር ሰፈሩ ይሰማል። ወዲያው እትዬ ጥሩወርቅ በአጥር፣ ባጃጅ የሚነዳው የአጎቴ ልጅ ከማል በበር፣ ጎረቤታችን ሼህ እንድሪስ ሙስባሃቸውን እንደያዙ በመንገድ ብቅ ይላሉ። እኔ ካቡ ላይ ወጥቼ እከፍታለሁ። "ውድ ደንበኛችን" ይላል።

"ምን አሉ?" ይላሉ ከታች።

"ካርድ ሙሉ አሉ።"

ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይበተናል። እንዲህ እያልን ነሐሴን ጨረስን። ውድ ደንበኛ መባል እንደዚያ ያስጠላኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

መስከረም በገባ በሳምንቱ ጥፋቱን አጠፋሁ። በጉን ከሜዳ መልሼ እያሰርኩ ነበር። ገመዱን አንድ ጊዜ አዙሬ ሁለተኛውን ልቋጥር ስል ጣሳው ጮኸ። ገመዱን ወርውሬ ሮጥኩ። ውድ ደንበኛችን። እየተራገምኩ ከካቡ ወርጄ ስመለስ በጉ የለም። ጎመኑ ውስጥ ፈለግኩት፣ የለም። መንገድ ላይ ወጣሁ፣ የለም። ኋላ ከጓዳ ድምጽ ሰማሁ። እናቴ ለዱዓው ዳቦ ብላ ያስቀመጠችው የስንዴ ጆንያ ውስጥ አንገቱን ከትቶ እየበላ ነው። ጆንያውን አጋምሶታል። ስጎትተው እንኳ እያላመጠ ነው የወጣው፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ ሄዶ አንድ ባልዲ ውሃ ጠጣ።

ስንዴና ውሃ በግ ሆድ ውስጥ ምን እንደሚሠሩ ገበሬ ይንገራችሁ። ሆዱ ተነፋ። እንደገና ተነፋ። እግሩ ተንገዳገደ። እናቴ ስትገባ አይታው ጭንቅላቷን ያዘች።

"ምን አበላሽው አንቺ ልጅ!"

"ራሱ ነው የበላው እማ፣ ወላሂ ራሱ!"

ከማል ዘይት አምጥቶ አጠጣው፣ ሆዱን አሸው፣ ጆሮውን ጎተተው። ምንም የለም። በጉ በጎኑ ወደቀና ማጣጣር ጀመረ። ሼህ እንድሪስ ቢላዋ ይዘው ደረሱ።

"ኸመሞቱ በፊት ይታረድ። ጥንብ ኸሚሆን" አሉ፤ ቢስሚላህ ብለው አረዱት።

ደሙ ቆመ፣ ቆዳው ተገፈፈ፣ ስጋው ተሰቀለ። ያኔ ነው ነገሩ የገባን። ስለቱ ታርዷል፤ እኔ ግን ገና የትም አልገባሁም። እንዲህ ያለ ነገር ሐይቅ ላይ ታይቶ አይታወቅም።

"ዘይነብ" አሉ ሼህ እንድሪስ ጢማቸውን እየዳበሱ፣ "ስለትሽ አልደረሰም። ያልደረሰ ስለት ላይ እኔ እጄን ለዱዓ አላነሳም።"

"ታዲያ ልቅበረው፣ አባባ? ለአላህ ያልኩትን እንደ ዘበት ቤቴ ቁጭ ብዬ ልብላው?"

ከማል አፍንጫውን ወደ ጉበቱ መለስ አደረገ። "ይሄን የመሰለ ስጋ መቅበር፣ አባባ፣ እሱ ራሱ ወንጀል ሳይሆን አይቀርም" አለ።

ሼሁ ስጋውን አዩ። ፀሐይዋን አዩ። ማቀዝቀዣ ያለው ሰው በሰፈሩ የለም። ብዙ ካሰቡ በኋላ ፈረዱ።

"በአማና ይበላ።"

"ምን ማለት ነው?" አልኩ፣ ህግ ነክ ስለመሰለኝ።

"የሚበላ ሁሉ አደራ ተቀብሎ ይበላል። አንቺ እስክትገቢ ድረስ ዱዓ አያቋርጥም። ስትገቢ አማናው ይወርዳል፤ ስጋውም የስለት ስጋ ይሆናል።"

"ባልገባስ?"

ሼሁ እንደማይረባ ነገር አዩኝ። "ይሄ ሁሉ ሰው በልቶ? ትገቢያለሽ!"

ሰፈሩ ተጠራ፤ ሰፈሩ መጣ። ጉበቱ በመጥበሻ፣ ቅልጥሙ በድስት፣ ጎድኑ በፍም ተሠራ። እያንዳንዱ ከመጉረሱ በፊት "በአማና" ይላል፤ የሚልበትም ፍጥነት ከጉርሻ ጉርሻ ይጨምር ነበር። ከማል በመጨረሻ ቃሉን ትቶ ራሱን ብቻ ይነቀንቅ ጀመር። እኔም በላሁ። ጥፋተኛዋ እኔ፣ ባለጉዳይዋ እኔ፣ ጎድን አጥንት ደጋሚዋም እኔ። ለነገሩ በጣም ጣፋጭ ነበር፤ ስንዴ የበላ በግ መሆኑ ያስታውቃል።

ያልበላችው እትዬ ጥሩወርቅ ብቻ ናት። እሷ ክርስቲያን ናት፤ የእስላም እጅ ያረደውን አትበላም። እናቴ ድግስ በደገሰች ቁጥር ለእሷ ዶሮ ከነነፍሷ ትልክላታለች፣ እሷም በራሷ ሰው ታሳርዳለች፤ እሷም ስትደግስ ለእኛ እንደዚያው። ያን ቀን ግን ሁሉ ነገር በድንገት ሆኖ ዶሮው ተረሳ። በአጥሯ ላይ ክንዷን አስደግፋ ሽታውን ስትስብ ዋለች።

"ሃያ ዓመት በጉርብትና፣ አንድ ቀን እንዲህ አልተደረግኩም" አለች። እናቴ በሐፍረት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጣጣ ለጉድ ነው። ድሮ "እንዴት ሆነ ጉዳይሽ?" ይሉኝ የነበሩ ሰዎች "እንዴት ሆነ ጉዳያችን?" ማለት ጀመሩ። የጥርስ ሕመም የያዘው "ያልደረሰ ስለት በልቼ ነው" ይላል። አሳ አስጋሪዎቹ መረባቸው ባዶውን ሲወጣ ወደ እኔ በር ያያሉ። የከማል ባጃጅ ጎማ በተነፈሰ ቁጥር "አማናው ከበደኝ" እያለ ይነጫነጫል። አንዱ ጎረቤት ደግሞ "እኔ መረቁን ብቻ ነው የቀመስኩት፤ የኔ አደራ ቀላል ነው" ብሎ ሲከራከር፣ ሚስቱ ሰው ፊት ስንት ቅልጥም እንደሰበረ ተናገረችበት። ሱቅ ስሄድ ሰው መንገድ ይለቅልኛል፤ እንዳልታመም፣ እንዳልወድቅ፣ የመኪና አደጋ እንዳይደርስብኝ። የሁሉም ሆድ በእኔ ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

እኔም እስቃለሁ፤ ግን ማታ ጋደም ስል ሳቁ አይመጣልኝም። አረብ አገር ስድስት ዓመት "ነገ ለራሴ የሆነ ነገር እሆናለሁ" እያልኩ ነው ወለል የወለወልኩት። ይሄ ካልሆነ ሌላ ያሰብኩት ነገር አልነበረኝም።

አንድ ጠዋት ጣሳው ጮኸ። ሰፈሩ መጣ። ካቡ ላይ ወጣሁ። ውድ ደንበኛችን አይልም፤ "ውድ አመልካች" ይላል። አነበብኩት። የቅርቡ ነው። ያመለከተው ሰው ብዙ፣ ያለው ቦታ ጥቂት በመሆኑ ሊቀበለኝ እንዳልቻለ ገልጾ መልካም ዕድል ተመኝቶልኛል። ካቡ ላይ እንደቆምኩ እንባዬ ወረደ። ከታች ማንም አልጠየቀኝም፤ ከፊቴ አነበቡት። እናቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እኔ ቅርብ እንድሆን ነበር የጓጓችው፤ አፍ አውጥታ ባትናገርም አውቃለሁ። ምሳ መቋጠሪያውን ሰሃን ገዝታ አልጋ ሥር ስትደብቅ አይቻት ነበር።

"አብሽሪ" አሉ ሼህ እንድሪስ። "አንድ ቀርቷል።"

ያን ዕለት ሰፈሩ ለምክክር በእኛ በር ላይ ተቀመጠ። ሼሁ ነገሩን ሲያብሰለስሉት ቆይተው ቀና አሉ።

"እኛ የበላን ሰዎች ነን" አሉ። "የሚለምን ሰው ሆዱ ከነገሩ ንጹሕ ቢሆን ጥሩ ነው። ኸኛ ውስጥ ያልበላ ማነው?"

የሁሉም ዓይን በአንድነት ወደ አጥሩ ዞረ። እትዬ ጥሩወርቅ አትክልቷን እየኮተኮተች ነበር። ለግሸን በዓል ልትሄድ መዘጋጀቷን ሁላችንም እናውቃለን።

"ጥሩዬ" አለች እናቴ እየተለማመጠች፣ "ማርያምን ስትሳለሚ…"

"አሃ! ስትበሉ ያልጠራችሁኝ፣ ሲያንቃችሁ ጥሩወርቅ!" መኮትኮቻዋን ተክላ ቀጥ አለች። እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። "እሺ፣ እለምንላችኋለሁ። ግን ብቻዬን አልሄድም። የነገሩ ባለቤት ትምጣና ጓዜን ትሸከም።"

ሼሁም "ትሂድ" አሉ፤ እናቴም "ትሂድ" አለች። እኔን የጠየቀኝ የለም።

በአውቶብሱ ውስጥ ነጠላ ከለበሰው ሰው መሃል ጥቁር ሂጃቤን ለብሼ የእትዬ ጥሩወርቅን ጓዝ ታቅፌ ተቀመጥኩ። አጠገባችን ያሉት እናት ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝና "አንቺስ ልጄ፣ ምን ጉዳይ ይዞሽ መጣሽ?" አሉኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት እትዬ ጥሩወርቅ ከስንዴው ጆንያ ጀምራ ተረከችው። መጀመሪያ ከኋላ ያሉት ሳቁ፣ ከዚያ ከፊት ያሉት "ምን ተባለ?" አሉ፣ እንደገና ተተረከ። ሾፌሩ ሳይቀር "እኔም እለምናለሁ፣ በጉ ግን ያሳዝናል" አለ። አውቶብሱ ሲያወርደን የማላውቃቸው ሰዎች ጭምር የእኔን ህግ መግባት ጉዳዬ ብለው ይዘውታል።

ከዚያ የእግር መንገድ ነው። አቀበቱን የሚያውቅ ያውቀዋል። እትዬ ጥሩወርቅ በዱላዋ እየተመረኮዘች ቀድማ ትወጣለች፤ እኔ፣ የአረብ ቤት አራት ፎቅ በቀን አስር ጊዜ ስወጣ ስወርድ የነበርኩት፣ ከኋላ እንደ በጌ አጣጥራለሁ። በጓዙ ውስጥ ምን እንዳለ ብጠይቃት "ለአገልጋዮቹ ሽሮ፣ ለራሴ ጫማ፣ ለአንቺ ምክር" አለችኝ። ክብደቱ የምክሩ ይመስለኛል።

ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ኪሴ ውስጥ ስልኬ ተንቀጠቀጠ። ጣሳ የለ፣ ካብ የለ፤ ተራራው ራሱ ካብ ሆኖልኝ ኔትወርክ ያዘ። አወጣሁት። "ውድ አመልካች" የሚለው ብቻ ከላይ ይታያል። የተቀረውን ለማየት መንካት ነው። ጣቴን አነሳሁ።

"እንዳትነኪው!" ብላ እትዬ ጥሩወርቅ ክንዴን ያዘች።

"መልሱ መጥቷል እኮ!"

"እኔ ገና አልለመንኩም።"

"እትዬ፣ ተጽፎ ያለቀ ነገር ነው! በልመና አይቀየርም!"

"ማን አየው? አንቺ አይተሽዋል? እኔ አይቸዋለሁ? ሰው ያላየው ነገር ገና ነው" ብላ ስልኩን ጓዟ ውስጥ ከተተችው። "አሁን ስሚኝና እዚህ ቁጭ በይ። እየለመንኩ ሳለ ከነካሽው ግን ኃጢአቱ ባንቺ።"

እሷ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገባች፤ እኔ ከግቢው ውጪ ድንጋይ ላይ ቀረሁ። ስድስት ዓመት ጠብቄያለሁ፣ ነሐሴን በሙሉ ጠብቄያለሁ፤ እንደዚያች ሰዓት የረዘመ ግን አላየሁም። ጓዙ እግሬ ሥር ነው። ስልኩ ጓዙ ውስጥ ነው። ዕድሌ ስልኩ ውስጥ ነው። ሁለት ጊዜ እጄን ሰደድኩ፣ ሁለት ጊዜ መለስኩ። ህግ ልማር ያሰብኩ ሰው በአንዲት አሮጊት ክርክር መረታቴ ገረመኝ። ግን እውነቱን ልናገር፣ እኔም ልመናዋ ይደርስ ይሆናል ብዬ ነው የተውኩት። አውቶብስ ላይ አብረውን የመጡት ሰዎች በአጠገቤ ሲያልፉ "ገና ነው?" ይላሉ፤ "እየለመነች ነው" እላለሁ፤ ራሳቸውን ነቅንቀው ይገባሉ።

በመጨረሻ ወጣች። ግንባሯ ላይ እምነት ተቀብታለች። "በይ፣ ክፈችው" አለች።

ከፈትኩት። ያነበብኩት በከንፈሬ ነው፤ ድምጽ አልወጣልኝም። የሩቁ ዩኒቨርሲቲ በህግ ትምህርት ክፍል ተቀብሎኛል። ደብዳቤው ለብቻው በኢሜይል እንደተላከ፣ ፈርሜ መልሼ በቀጠሮው ቀን እንድገኝ ይላል። እትዬ ጥሩወርቅ ከፊቴ አይታ እልልታዋን ለቀቀችው። የአውቶብስ ወዳጆቻችን ተቀበሏት። ምን እንደተደረገ ያልሰማ ሰው ሁሉ እልል አለ። እኔ እትዬ ጥሩወርቅ አንገት ላይ ተጠምጥሜ እንደ ሕጻን አለቀስኩ፣ ሳቅሁ፣ ደግሞ አለቀስኩ።

"አየሽ?" አለችኝ ጀርባዬን እየመታች። "ብትቸኩይ ኖሮ የቅርቡን ዓይነት ነበር የምታገኚው!"

ለእናቴ ደወልኩ፤ ስልኳን በስልኬ ፈንታ ካቡ ላይ ጣሳው ውስጥ አስቀምጣው ኖሮ ወዲያው ተነሳ። "እማ፣ ገባሁ! የሩቁ!" አልኩ። ከእሷ በፊት የሰማሁት የሼህ እንድሪስን ድምጽ ነው፤ ከኋላ "አልሐምዱሊላህ! ስጋው ወረደልን!" ይላሉ። ጩኸት፣ የባጃጅ ጥሩምባ፣ ሳቅ። የእናቴን ድምጽ ግን በዚያ ሁሉ መሃል ለይቼ ማግኘት አልቻልኩም።

ስንመለስ ሰፈሩ አማናውን ሊያወርድ ተሰብስቦ ጠበቀን። በር ላይ መጀመሪያ ያየሁት እግሩ የታሰረ ትልቅ ቀይ አውራ ዶሮ ነው፤ እናቴ አንስታ በሁለት እጇ ለእትዬ ጥሩወርቅ ሰጠቻት። ተቃቅፈው ተላቀሱ፤ ዶሮው መሃላቸው ገብቶ ይንጫጫል። ከማል ከተራራው ያስተላለፍኩለትን ደብዳቤ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሞ ይዞ መጣ። ብዙ ገጽ ነው።

"አንብቢው" አሉኝ ሼህ እንድሪስ። "ምን በልተን ምን እንዳገኘን እንወቀው።"

ቆሜ አነበብኩ። "ተማሪዋ የዩኒቨርሲቲውን ደንብ አክብራ ትማራለች" አልኩ።

"አሚን!" አለ ሰፈሩ፣ እጁን እንደዘረጋ።

ደንብ እንጂ ምርቃት አይደለም ልላቸው ፈልጌ ተውኩት። "ለፈተና የማይፈቀድ ነገር ይዛ አትገባም።" አሚን! "በቀጠሮው ቀን ያልተመዘገበች ተማሪ ቦታዋን ታጣለች።"

"ቁሚ!" አሉ ሼሁ እጃቸውን ሰብስበው። "ይሄን አሚን አንልም። እለፊው።"

አለፍኩት። "አንሶላና ብርድ ልብስ ይዛ ትመጣለች" ስል እናቴ ብርድ ልብሱን ልታመጣ ብድግ አለች፤ እትዬ ጥሩወርቅ በቀሚሷ ጎትታ አስቀመጠቻት። ሁሉም ሳቀ። እኔም እየሳቅሁ ገጹን ገለጥኩና ሳላስብ የሚቀጥለውን አነበብኩ።

"የትምህርቱ ቆይታ አምስት ዓመት ነው።"

አሚን የሚል ጠፋ። የተዘረጉት እጆች እንደተዘረጉ ቀሩ። ሰው ሁሉ እናቴን ያያል። እኔም ከወረቀቱ ቀና ማለት አቃተኝ። የአረብ አገሩን ስድስት ዓመት እኔ ወለል እየወለወልኩ አሳልፌዋለሁ፤ እሷ ግን በር በሩን እያየች ነበር። ከተመለስኩ ወዲህ እንኳ ጠዋት ጠዋት መኖሬን ለማረጋገጥ የክፍሌን መጋረጃ ገለጥ አድርጋ ታየኛለች።

"ድገሚው" አለችኝ።

"የትምህርቱ ቆይታ አምስት ዓመት ነው፣ እማ።"

እናቴ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ሁለት እጇን ከሁሉም ከፍ አድርጋ ዘረጋች።

"አሚን" አለች።

ሰፈሩ ተከትሏት ጮኸ፣ እትዬ ጥሩወርቅ ዶሮዋን ታቅፋ እልል አለች፣ ከማል ጥሩምባውን ሊነፋ ወደ ባጃጁ ሮጠ። እኔ ግን የሰማሁት የእናቴን ብቻ ነው።